ፈሪዋ የሻረግ እና የሾላ ሜዳ ጠበል

የሻረግ ከልጅነቷ ፈሪ ነበረች። ግራና አጠገብ ባለው የትውልድ መንደሯ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ወንዝ ሲሞላ ከልጆቹ ሁሉ ቀድማ የምትሸሸው፣ መብረቅ ሲጮህ ከእናቷ ነጠላ ሥር የምትገባው እሷ ነበረች። አድጋ፣ አግብታ መርሳ ከገባች በኋላም፣ ባሏ ጥሏት ሄዶ አንዲት ልጇን ፍሬሕይወትን ብቻዋን ስታሳድግም ፍርሃቱ አልለቀቃትም። ከሁሉ አብልጣ የምትፈራው ደግሞ በሽታን ነበር። በአንድ ጤና ጣቢያ የጽዳት ሥራ መቀጠሯ ሲሰማ ጎረቤቶቿ መሳቃቸው አልቀረም።

እሷ ግን ሥራዋን የምትሠራው በዚያው በፍርሃቷ ነበር። ሌላው አንዴ የሚወለውለውን ወለል እሷ ሦስቴ ትወለውላለች። እጇን ስትታጠብ እስከ ክርኗ ነው። ከበረኪናው ብዛት የጣቶቿ ቆዳ ይላጣል። አለቆቿ ወደዷት፤ እንዲህ የሚያተጋት ምን እንደሆነ ግን የጠየቃት አልነበረም።

ኮሮና በገባ ዓመት ወልድያ ላይ ለጊዜው በተከፈተ የሕሙማን ማቆያ እንድትሠራ ተመደበች። ያኔ ፍሬሕይወት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። የሻረግ ማታ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና፣ በሽታውን ይዛ ገብታ ልጇን ስትቀብር ይታያት ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት አብራት የምታጸዳ ሴት ታመመችና እዚያው ማቆያው ውስጥ ተኛች። በማግስቱ ማለዳ የሻረግ ወለል ልታጸዳ ስትገባ፣ በር አጠገብ የተኙት አንድ አዛውንት በእጃቸው ጠሯት። አቶ ሙሐመድዘይን ይባላሉ፤ የወልድያ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ከገቡ ሳምንት አልፏቸዋል። የተረኛዋ ነርስ ወደ ሌላው ክፍል ሄዳ ነበር።

“ልጄ፣ ውሃ” አሏት።

“እሺ አባባ፣ አመጣለሁ” አለች።

ወጣች፤ ኩባያም አነሣች። በዚያው ቅጽበት አዛውንቱ ሲስሉ ሰማች። ሳላቸው የሚቆም አልመስል አላት። ኩባያውን ደረጃው ላይ አስቀመጠች፤ ጋውኑን አወለቀች፤ በግቢው በር ወጥታ ወደ መናኸሪያ ሄደች። መርሳ ስትደርስ ገና ረፋድ አልሆነም ነበር። አቶ ሙሐመድዘይን በዚያ ቀን መሞታቸውን የሰማችው በሁለተኛው ቀን ነው። ውሃው ቢደርሳቸው ይተርፉ እንደሆነ፣ ሌላ ሰው አጠጥቷቸው እንደሆነ፣ አታውቅም። የምታውቀው “አመጣለሁ” ማለቷን ብቻ ነው።

የጠየቃት ሰው አልነበረም። በዚያ ሰሞን ሥራ ጥላ የሄደችው እሷ ብቻ አልነበረችም፤ ማቆያውም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ወደ ጤና ጣቢያው አልተመለሰችም። የሰው ልብስ እያጠበች መኖር ያዘች። ጦርነቱም መጣ፤ ሰው ሁሉ ሌላ ጭንቀት ያዘውና የኮሮናውን ዓመት ረሳው። እሷ አልረሳችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆርባ አታውቅም። የንስሐ አባቷ መምሬ ሃብተ ከግራና በላይ ካለችው ከሾላ ሜዳ ለጉዳይ ወደ መርሳ ብቅ ሲሉ፣ መምጣታቸውን በሰማች ቁጥር ቤቷን ቆልፋ ትሄዳለች። ልጇ ራሷን ባመማት፣ ሳል በያዛት ቁጥር “መጣብኝ” ትላለች በሆዷ። እግዚአብሔር ስሟን ጽፎ እንደያዘባት፣ ቀኑን ብቻ እንደሚጠብቅ ታምን ነበር።

አራት ዓመት እንዲህ አለፈ።

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው ስልኳ ጠራ። ደዋይዋ ኢሕሳን ነበረች፤ ያን ቀን ተረኛ የነበረችው ነርስ። የሻረግ ስሟን ስታይ በመጨረሻ ታወቀብኝ አለች። ኢሕሳን ግን የደወለችው ለሌላ ነገር ነበር። ግራና አካባቢ አተት ገብቷል፤ በድንኳን ማከሚያ ተከፍቷል፤ እሷ ኃላፊ ሆናለች፤ ጽዳት የሚሠራላት ሰው አጥታለች። መንገዱ በተኩስ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ስለሆነ ከሩቅ የሚመጣም የለም።

የሻረግ ባለፈው ጊዜ ጥላት እንደሄደች ረስታው እንደሆነ ጠየቀቻት።

“አልረሳሁም” አለች ኢሕሳን። “ወላሂ፣ በጣም ነበር የተናደድኩብሽ። ግን እዚህ የሚሠሩት ልጆች በሽታውን አይፈሩትም። በባዶ እጃቸው ትውከት ይነካሉ፤ በዚያው እጃቸው ዳቦ ይበላሉ። እኔ የምፈልገው የሚፈራ ሰው ነው። አብሽሪ፣ ነይ።”

የሻረግ አልመጣም ብላ ስልኩን ዘጋች። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሲነጋ ልብሷን በፌስታል አሠረች። ለምን እንደሄደች እስከ ዛሬ በደንብ መናገር አትችልም። አንዳንዴ “ከመሄዱ ይልቅ መቅረቱ አስፈራኝ” ትላለች። ፍሬሕይወትን አክስቷ ዘንድ አስቀምጣ፣ ሥራው እስኪያልቅ ወደ ቤት እንደማትመለስ ነግራት በባጃጅ ግራና ገባች።

ድንኳኖቹ ሦስት ነበሩ። አልጋዎቹ የበሽተኛው ተቅማጥ እንዲወርድ መሐላቸው የተቀደደ ነው፤ ከሥራቸው ባልዲ ተቀምጧል። ሰው ጠዋት በእግሩ መጥቶ፣ እኩለ ቀን ላይ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ጣቶቹ ተሸብሽበው መናገር ያቅተዋል። የሻረግ በመጀመሪያው ቀን ባልዲ ይዛ ወጥታ፣ ከድንኳኑ ኋላ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቢሆንም ሁለት ጓንት ደራርባ ተመለሰች። ክሎሪኑን ስትለካ ሁለቴ ትለካለች። ጫማውን በክሎሪን ሳይረግጥ ሊወጣ የሚሞክር ቢኖር፣ ዶክተርም ይሁን አስታማሚ፣ በሩ ላይ ቆማ አታሳልፈውም። አንዳንዱ ሰደባት። ኢሕሳን ግን እየሳቀች “ፖሊሴ” ትላት ጀመር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሠራተኞቹ አንድም የታመመ የለም።

የታመሙት ከየት ውሃ እንደጠጡ እየተጠየቁ ይመዘገብ ነበር። ሁሉም “ከቤት” ይላሉ፤ ቤታቸው ግን የተራራቀ ነው። አንዱ ከውርጌሳ በኩል፣ አንዷ ከመርሳ፣ ሌላው ከግራና በላይ ካለ መንደር ይመጣል። የጤና ባለሙያዎቹ ግራ ተጋቡ። የተረዳችው የሻረግ ናት። የበሽተኛውን ዕቃ ሁሉ በክሎሪን የምትረጨው እሷ ስለሆነች፣ በየኮሮጆው ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ታይ ነበር፤ በላስቲክ ጠርሙስ የተቀዳ ውሃ፣ ክዳኑ በነጭ ክር የታሠረ። ይህን ክር ታውቀዋለች። ከሾላ ሜዳ አቦ ጠበል የሚቀዳ ሰው ጠርሙሱን የሚያስረው እንዲያ ነው። ኢብቲሳም በምትባል ሙስሊም በሽተኛ ኮሮጆ ውስጥ እንኳ አገኘችው፤ በዚያ አገር ወደ ጠበሉ የሚሄደው ክርስቲያኑ ብቻ አይደለምና። በሽተኞቹ የደበቁት ጠበሉን መክሰስ እግዚአብሔርን መክሰስ መስሎ ስለታያቸው ነበር።

ጠበሉን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ውሃው ከቋጥኝ ሥር ይፈልቃል። ድሮ የሚጠጣው በቧንቧ ለብቻ ይወርድ ነበር። በሐምሌ የመጣ ጎርፍ ቧንቧውን ሰበረው። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ከሚታጠብበት ድንጋይ ላይ የሚወርደው ውሃ ከሥር በተቀመጠ ሰማያዊ በርሜል ይጠራቀማል፤ የሚጠጣውም ከዚያው ይቀዳል። ይህን የነገረቻት አንዲት አስታማሚ ናት፤ በጎርፉ ምክንያት በርሜል መምጣቱን እንደ ጥሩ ነገር ነበር ያወራችላት።

የሻረግ ሰምታ ዝም አለች። ለኢሕሳን ብትነግር፣ ሙስሊም ነርስ ጠበል አዘጋች ይባላል። ራሷ ብትናገር መናፍቅ ትባላለች። ከሰውም በላይ አቦን ፈራች። ሽማግሌ በውሃ ጥም ጥላ የሸሸች ሴት ስለ ተቀደሰ ውሃ ምን አፍ አላት? ሁለት ቀን በዚህ ሐሳብ ስትናጥ ዋለች። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት፣ የሦስት ልጆች እናት የሆነች ሴት ከሾላ ሜዳ በቃሬዛ መጣች። ግሉኮሱ ሳይገባላት ሞተች። በኮሮጆዋ ውስጥ ክር የታሠረበት ጠርሙስ ነበር። ጠርሙሱን በክሎሪን ስትረጭ የሻረግ፣ ሁለተኛ ሰው ገደልኩ አለች።

በማግስቱ፣ ነሐሴ ሃያ ስምንት ቀን፣ ለኢሕሳን ነገረቻት። ኢሕሳን በጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል ጠበል የማይጠመቅ ሰው እንደሌለ፣ ከመርሳም ከውርጌሳም ሕዝብ እንደሚጎርፍ ራሷ አነሣች። ይህን ያህል ሰው ከታመመ ሦስቱ ድንኳኖች ምንም አይደሉም። ነገሩን ለበላይ አሳውቃለሁ አለች፤ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ካልተናገረ ሕዝቡ እንደማይሰማ ሁለቱም ያውቁታል። የሻረግ ብቻዋን ወደ ሾላ ሜዳ ወጣች። የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሦስት ጊዜ ቆማ ልትመለስ ነበር።

መምሬ ሃብተን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እግራቸው ላይ ወደቀች።

“ይፍቱኝ አባቴ።”

“እግዚአብሔር ይፍታሽ። አራት ዓመት ሙሉ የት ጠፋሽ?”

ልትነግራቸው የመጣችው ስለ በርሜሉ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን የአቶ ሙሐመድዘይን ነገር ነው። ኩባያውን፣ ደረጃውን፣ መናኸሪያውን፣ “አመጣለሁ” ማለቷን አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ከዚያ የሞተችውን እናት፣ ዝም ያለችባቸውን ሁለት ቀናት፣ በመጨረሻም በርሜሉን ነገረቻቸው። እሷ ልትናገር እንደማይገባት፣ ሌላ ንጹሕ ሰው ፈልገው እንዲያናግሩ ለመነቻቸው።

መምሬ ሃብተ መስቀላቸውን በእጃቸው ያገላብጡ ነበር። ፊታቸው ገርጥቶ ነበርና የሻረግ የተቆጡ መሰላት።

“በዚያው በኮሮናው ዓመት” አሉ፣ “አንዲት አሮጊት ልትሞት ስትል ላከችብኝ። አሞኛል አልኩ። አላመመኝም ነበር፤ ፈርቼ ነው። ሳልናዝዛት ሞተች። ይህን ለንስሐ ልጅ መንገር ወግ አይደለም፤ ግን እኔን ንጹሕ አድርገሽ እንዳትሄጂ ብዬ ነው። ቅዳሴ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ በደል የምለምነውን ድሮ በአፌ ብቻ ነበር የምለው። አሁን እየተንቀጠቀጥኩ ነው የምለው።” ወደ ጠበሉ በኩል አዩ። “በርሜሉንም አይቼዋለሁ። ሽታው ደስ አላለኝም። ሕዝቡን ፈርቼ ዝም አልኩ።”

የሻረግ ቀና ብላ አየቻቸው። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቃቸው ሰው እንደሷ ሲፈሩ ያየችው ያን ዕለት ነው።

“እግዚአብሔር ንጹሕ ሰው እስኪያገኝ ቢጠብቅ ኖሮ፣ የዚችን ቤተ ክርስቲያን በር የሚከፍትለት አንድ ሰው ባልተገኘ ነበር” አሏት። “የላከው አንቺን ነው፤ ከነጥፋትሽ። ያየሽውን አንቺ ትናገሪያለሽ፤ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።”

ቀኖናም ሰጧት። ጾሙና ስግደቱ አላስፈራትም። የመጨረሻው ግን አስደነገጣት፤ ወልድያ ሄዳ የአቶ ሙሐመድዘይንን ቤተሰብ ይቅርታ እንድትጠይቅ አዘዟት።

ጳጉሜ አንድ ቀን ጠዋት፣ ጸሎት ካበቃ በኋላ፣ ጠበሉ ዘንድ ወደ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ተሰብስቦ ነበር። መምሬ ሃብተ ሕዝቡን አስቀመጡና የሻረግን ወደፊት ጠሯት። ኢሕሳን ከታች መንገዱ ላይ ክሎሪን የጫነ ባጃጅ አቁማ ትጠብቃለች። የሻረግ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እንጂ ቃል አይሰማም። ከኋላ “ምን ትላለች?” የሚል ተነሣ። ልትሮጥ አሰበች፤ በየት በኩል እንደምትሮጥም አየች።

“እኔ ፈሪ ነኝ” አለች። ልትል ያሰበችው ይህን አልነበረም። “ፈርቼ ሰው ጥዬ ሸሽቼ አውቃለሁ። አሁንም እየፈራሁ ነው። ጠርሙሶቹን ግን የማጥበው እኔ ነኝ። በእያንዳንዱ በሽተኛ ኮሮጆ ውስጥ ከዚህ የተቀዳ አለ።”

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን የሰማት የለም። ጩኸት ሆነ። ጠበል ሰው ይገድላል ትላለች ያለ አለ፤ ከጴንጤዎቹ ተከፍሏት ነው ያለም አለ። አንድ ዱላ የያዘ ጎልማሳ ሰዉን ገፍቶ ወደ እሷ መጣ። የሻረግ ዓይኗን ጨፈነች። በመሐል ገብተው ዱላውን የያዙት መምሬ ሃብተ ናቸው። ጠበሉ ንጹሕ ነው፣ ከምንጩ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ ያቆሸሽነው እኛ ነን፣ አይቼ ዝም ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ ብለው ተናገሩ። ከዚያ የሰውን መልስ ሳይጠብቁ ወረዱና በርሜሉን ገፉት። ብቻቸውን አልቻሉም። የሻረግ ሄዳ አብራቸው ገፋች። ተገለበጠ። ከሥሩ የወጣው ጥቁር ዝቃጭ እስከ መንገዱ ድረስ ሸተተ፤ ከፊት የነበሩት በነጠላቸው አፍንጫቸውን ያዙ።

ከዚያ ማንም አልጮኸም። ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት ተነሥታ፣ ባሏ ድንኳን ውስጥ እንደተኛ፣ የጠጣውም ከዚህ እንደሆነ፣ ሲጠየቅ እንደዋሸ ተናገረች። ጎልማሳው ዱላውን ይዞ ሄደ።

በሩፋኤል ዕለት መጠጣቱ ተከለከለ። የመጣው ሰው ከምንጩ አፍ በጆግ በተቀዳ ውሃ ተረጭቶ ተመለሰ። የተቆጣም ነበር። በሳምንቱ አዲስ የሚገቡት በሽተኞች ቁጥር ቀነሰ፤ በመስከረም መጨረሻ ሁለቱ ድንኳኖች ተነቀሉ። ቧንቧውም ተጠገነ። ይሁንና በሾላ ሜዳ እስከ አሁን የሻረግን ሲያዩ መንገድ የሚቀይሩ፣ ሰላምታዋን የማይመልሱ ሰዎች አሉ። ከነሱ አንዱ የገዛ አጎቷ ነው።

ወደ ወልድያ የሄደችው ከኢሕሳን ጋር ነው። የአቶ ሙሐመድዘይን ልጅ ለይላ በአባቷ ሱቅ ትሠራለች። የሻረግ ቆማ ተናገረች፤ ተቀመጪ ብትባልም አልተቀመጠችም። ለይላ የጨርቅ መለኪያውን ሜትር በእጇ እንደያዘች እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

“ብቻውን እንደሞተ እናውቅ ነበር” አለች። “ውሃ መጠየቁን አናውቅም ነበር። ምነው ባልነገርሽኝ።”

ከዚያ ፊቷን አዞረች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ኢሕሳን የሻረግን ክንዷን ይዛ አወጣቻት። በመኪና ሲመለሱ የሻረግ፣ የራሷን ሸክም ለማቅለል በሌላ ሰው ላይ መጫኗ እንደሆነ እያሰበች እስከ መርሳ ድረስ አለቀሰች። ለመምሬ ሃብተም እንዲህ ስትል ነገረቻቸው። እሳቸው፣ ይህን እሳቸውም እንደማያውቁት፣ ለእግዚአብሔር መተው እንዳለባቸው ነበር የመለሱላት። በጥቅምት አምስት፣ በአቦ በዓል፣ ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆረበች። በሰልፉ ላይ ሳለች ከመስመሩ ልትወጣ ስትል፣ ከኋላዋ ያለችው ሴት ደግፋ አቀረበቻት።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሻረግ መርሳ ቤቷ ልብስ ስታሰጣ የማታውቀው ቁጥር ደወለላት። ለይላ ነበረች። ሰላም ከተባባሉ በኋላ የሻረግ ልትረግመኝ ነው ብላ ጠበቀች።

“ከውሃው በፊት” አለች ለይላ፣ “አባቴ ሌላ ያለው ነገር ነበር? በዚያ ቀን ባይሆንም፣ ቀደም ብሎ። ከኛ ማንም እንዲገባ አልተፈቀደም ነበር። መጨረሻ ላይ ያዋራው ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።”

የሻረግ ልብሱን ትታ በሩ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ምንም አልታወስ አላት፤ ከዚያ አንድ በአንድ መጣላት። ሁለት ጓንት ደርባ ስትገባ ይስቁባት እንደነበር፣ በእሷ ወረዳ በሐብሩ ዘንቦ እንደሆነ በየቀኑ ይጠይቋት እንደነበር፣ በአንድ የቁርኣን ሱረት መሐል ቃል ጠፍቷቸው ከመጀመሪያው እየጀመሩ ሲቀሩ እንደሰማች፣ አንድ ቀን ደግሞ ልጄ ለይላ ከኔ የተሻለች ነጋዴ ናት፣ እኔ ሰው አምናለሁ፣ እሷ ትለካለች ብለው እንደነገሯት። ለይላ ሳታቋርጥ ሰማቻት። እያለቀሰች ይሁን አይሁን የሻረግ መለየት አልቻለችም።

“እስቲ የመጨረሻውን ድገሚልኝ” አለቻት።

ደገመችላት።